የኖታ መጻፊያ ፕሮግራሞች በሚዛን ሲታዩ

ፊናሌ የሚባለው የሙዚቃ ኖታ መጻፊያ ፕሮግራም በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1988 ወጥቶ ለ35 ዓመታት ያህል ከአቀናባሪዎች፣ ከሙዚቃ አሳታሚዎችና ከመምህራን ዋና ዋና መሣሪያዎች አንዱ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ኦገስት 26 ቀን 2024 ባለቤቱ ሜክሙዚክ ሥራውን ማቆሙን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ አዲስ እትም አይወጣለትም፤ ጉድለት ቢገኝበትም የሚያርመው የለም። ድርጅቱ መጀመሪያ ላይ ከአንድ ዓመት በኋላ ፕሮግራሙን በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ማስፈቀድ እንደማይቻል ገልጾ ነበር፤ የተጠቃሚዎች ቅሬታ ሲበረታ ግን ይህን ውሳኔ አነሣ። ቢያነሣም መሠረታዊው ችግር እንዳለ ነው። ኮምፒዩተር በየጊዜው ይለወጣል፤ የቆመ ፕሮግራም ግን አብሮ አይለወጥም። የ30 ዓመት ድካሙን በፊናሌ ፋይል ብቻ አስቀምጦ የኖረ አቀናባሪ ምን እንደሚሰማው አንባቢ ይገምተው።

ይህን ያነሣነው ለፊናሌ ለማዘን አይደለም። የትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ የሚመሩ መምህራንም ሆኑ ድርሰት መሞከር የጀመሩ ተማሪዎች «የትኛው ፕሮግራም ይሻላል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ ስለ ድምፁ ነው። ቫዮሊኑ እውነተኛ ቫዮሊን ይመስላል፣ ከበሮው ግድግዳ ያነቃንቃል ይባላል። በእኛ አስተያየት ይህ ሚዛን የተሳሳተ ነው። የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም መመዘን ያለበት ከውስጡ በሚወጣው ነገር ነው፤ ይኸውም በአንድ በኩል በዘማሪው እጅ የሚገባው ወረቀት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሌላ ሰው በሌላ መሣሪያ ሊከፍተው የሚችለው ፋይል ነው።

ፋይሉን እናስቀድም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሥራውን የሚያስቀምጠው በራሱ ዓይነት ፋይል ነው። በመካከላቸው እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ሙዚክኤክስኤምኤል የሚባል የጋራ የፋይል ዓይነት አለ፤ የጀመረው ማይክል ጉድ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሲቤልየስም፣ ዶሪኮም፣ ሙዝስኮርም ይጽፉታል፣ ያነቡታልም። አስተርጓሚ እንደመሆኑ የሚጎድለው አይጠፋም፤ ኖታውና ግጥሙ ይሻገራሉ፣ የገጹ አቀማመጥ ግን ብዙ ጊዜ ይናጋል። ቢሆንም ተናግቶ የተሻገረ ሥራ ከቶ ካልተሻገረው ይበልጣል። ስለዚህ አንድ መዝሙር ተቀናብሮ ሲያልቅ የፕሮግራሙን ፋይል፣ የሙዚክኤክስኤምኤሉን ቅጂና ለኅትመት የሚሆነውን ፒዲኤፍ ሦስቱንም ማስቀመጥ፣ አንዱን ቅጂ ደግሞ አትሞ በክበቡ ማኅደር ማኖር ያስፈልጋል።

በገበያ ላይ ካሉት መካከል ሲቤልየስን እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ፊን የተባሉ እንግሊዛውያን መንትያ ወንድማማቾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 አቪድ የተባለው ድርጅት ገዛው፤ በ2012 ደግሞ የለንደኑን ቢሮ ዘጋው። ከሥራ የወጡት ባለሙያዎች ወደ ጀርመኑ ስታይንበርግ ተሻግረው ከባዶ ተነሥተው ዶሪኮን ሠሩና በ2016 አወጡት። ሁለቱም ብርቱ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው ትምህርት ቤት የሚደፈር አይደለም። በነፃ የሚሰጧቸው አነስተኛ እትሞችም የመሣሪያውን ብዛት ስለሚገድቡ ለመዘምራንና ለባንድ አንድ ላይ ለሚጽፍ ሰው ቶሎ ይጠብቡታል።

እኛ ለትምህርት ቤት የምንመርጠው ሙዝስኮር ስቱዲዮን ነው። ቨርነር ሽቬር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሲሆን ነፃ ነው፤ የተሠራበትም ኮድ ለሁሉ ክፍት ነው። ትልቁ ነገር ነፃነቱ ብቻ እንዳይመስለን። ኮዱ ክፍት በመሆኑ ዛሬ የሚያስተዳድረው ድርጅት ነገ ቢዘጋ ሌሎች ካቆመበት ሊያነሡት ይችላሉ፤ ለፊናሌ ይህ ዕድል አልነበረውም። ስናመሰግነው ግን እንከኑን መሸፈን አይገባንም። በተመሳሳይ ስም የሚጠራና ለብዙ አገልግሎቱ ክፍያ የሚጠይቅ የኖታ መለዋወጫ ድረ ገጽ ስላለ፣ ተማሪዎች ፕሮግራሙን የሚያወርዱ መስሏቸው ወደ ክፍያው ይገባሉ። ፕሮግራሙ የሚገኘው «ዶት ኦርግ» በሚለው አድራሻ ነው፤ «ዶት ኮም» የሚለው የክፍያው ቤት ነው። ሌላው፣ በዲሴምበር 2022 የወጣው አራተኛው እትም ለአሮጌ ኮምፒዩተር ይከብዳል፤ በአዲሱ የተጻፈም በሦስተኛው እትም በትክክል አይከፈትም። በአንድ ክበብ ውስጥ መምህሩ በአዲሱ፣ ተማሪዎቹ በአሮጌው ከጻፉ ግርግር ነው። ሁሉም በአንድ እትም ቢስማሙ ይሻላል፤ ያውም ደካማው ኮምፒዩተር በሚችለው።

ሊሊፖንድ የተባለውን፣ ሁለት ሆላንዳውያን እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩትን፣ ሳንጠቅስ ማለፍ ደግሞ ግፍ ይሆናል። በእርሱ ኖታ የሚጻፈው በማውስ እየተለጠፈ ሳይሆን እንደ ደብዳቤ በፊደል ነው፤ ገጹን ፕሮግራሙ ራሱ አሳምሮ ይስለዋል። ለጀማሪ ይከብዳል። ፋይሉ ግን ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም ኮምፒዩተር ይነበባል። (ከሙዚቃው መምህር ይልቅ የሒሳቡ መምህር ሳይወደው አይቀርም።)

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። ፕሮግራሙ የጻፍነውን ማሰማቱ የተሳሳተ ኖታ ቶሎ ለመያዝ ይረዳል፤ ይህን የሚክድ የለም። ጉዳቱ የሚመጣው የኮምፒዩተሩን ድምፅ እንደ ዘማሪው ድምፅ ስንቆጥረው ነው። ኮምፒዩተር አይተነፍስም፤ 16 ባር ያለ ዕረፍት ቢጻፍለት ሳይደክም ይዘልቀዋል። መዘምራኑን ቃል በሌለው «ኣ» ስለሚያሰማ፣ ግጥሙ ከዜማው ጋር መጋጨቱ አይታወቅም። ሙዝስኮር ከድምፅ ወሰን የወጣውን ኖታ ቀለሙን ለውጦ ያስጠነቅቃል፤ ወሰኑ ግን ለአዋቂ ዘማሪ የተቀመጠ ነው። ድምፁ በመለወጥ ላይ ያለ የ14 ዓመት ልጅ ቴኖር ተብሎ የተሰጠውን ከፍተኛ ኖታ መድረክ ላይ ቢያጣው ጥፋቱ የልጁ አይደለም። የቅዳና ለጥፍ ልማድም ከዚሁ ይወለዳል። አራት ባር ይጻፍና ስምንት ጊዜ ይገለበጣል፤ በየዙሩ አንድ መሣሪያ ሲጨመር ድምፁ ስለሚደምቅ ደራሲው ሥራው ያደገ ይመስለዋል። ያንኑ ወረቀት ለአንድ ክራርና ለአንድ ዋሽንት ሲሰጡት ግን አንድ ሐሳብ ብቻ እንዳለው ይጋለጣል።

የአማርኛ ግጥም ከኖታ ሥር ሲገባ የሚገጥመው ነገር ሰፋ ያለ ቃል ይፈልጋል። ፕሮግራሞቹ ለላቲን ፊደል የተሠሩ በመሆናቸው፣ ክፍት ቦታ ሲመታ ወደ ሚቀጥለው ኖታ ይሻገራሉ፤ አንድ ቃል በሁለት ኖታ ሲከፈል ደግሞ ጭረት ይጠይቃሉ። በእኛ ዘንድ አንድ ፊደል ለአንድ ኖታ ማደል ቀላል ይመስላል። «ተማሪ» ሦስት ፊደል፣ ሦስት ቀለም ስለሆነ በእርግጥ ይስማማል። «መምህር» ግን በጽሑፍ አራት ፊደል ሆኖ በአነጋገር ሁለት ቀለም ነው፤ መም-ህር። አራት ኖታ ከታደለለት ልጁ «ም» ላይ አፉን ዘግቶ ሲጎትት ይቆያል። ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ራሱን ችሎ ይነገራል፣ አንዳንዴም ከፊቱ ባለው ፊደል ላይ ተደግፎ ያርፋል፤ ይህን የሚለይ ፕሮግራም የለም። መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ነው። «አለ» ተናገረ ለማለት ሲሆን ይላላል፣ ይገኛል ለማለት ሲሆን ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ የመጀመሪያው ቀለም ስለሚዘጋ ረጅም ኖታ ቢጫንበት አይመቸውም። በዚህ በኩል የአማርኛ መምህሩ ከሙዚቃ ክበቡ ጋር ቢቀመጥ ከየትኛውም ፕሮግራም የበለጠ ይጠቅማል። ሌላም አለ፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ ግጥም በዛሬ ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይወጣል። ማኅደራቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ፋይል ያላቸው ክበቦች የታተመው ወረቀት ሳይጠፋ እንደገና ቢጽፉት ይበጃል።

ስለ ቅኝት ጥቂት እንበል። የፕሮግራሞቹ ዝርዝር የሚያቀርበው የሜጀርና የማይነር የቁልፍ ምልክት ነው። አምባሰል ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ ሲና ሚ ስለማይገቡበት የአራት ፍላት ምልክት ያለ ችግር ይሸከመዋል። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። በተለመደው የፍላት ቅደም ተከተል ላ ፍላት ሳይሆን ሶል ፍላት መሆን ስለማይችል፣ ከዝርዝሩ ውስጥ የሚገጥመው አንድም ምልክት የለም። ሙዝስኮር መምህሩ የራሱን ምልክት እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ለጀማሪ ዘማሪ ግን የቁልፍ ምልክቱን ትቶ ፍላቱን በየኖታው ፊት መጻፍ ይቀላል። ፕሮግራሙ የሚያሰማው የፒያኖ አከፋፈል ስለሆነ በማሲንቆ ከሚሰማው አንቺሆዬ ጋር አንድ እንዳልሆነ ተማሪዎች ይወቁት። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋትና የቀሩት የዜማ ምልክቶችም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዩኒኮድ ስላሉ ከቃሉ በላይ ሊጻፉ ይችላሉ፤ ዳሩ ግን ምልክቱ የሚያመለክተው ተማሪው ከመምህሩ አፍ አስቀድሞ የተማረውን ዜማ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ሊያሰማው አይችልም።

አንድ ፕሮግራም ለክበቡ ከመመረጡ በፊት የሚከተለው ቢሞከር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ስምንት ባር የአንቺሆዬ ዜማ ይጻፍበት፤ ከሥሩ «መምህር» የሚል ቃል ያለበት ግጥም ይግባ። በትምህርት ቤቱ ማተሚያ ታትሞ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ ያንብበው። ከዚያም በሙዚክኤክስኤምኤል ተቀምጦ በሌላ ኮምፒዩተር፣ በሌላ ፕሮግራም ይከፈትና ከታተመው ወረቀት ጋር ቃል በቃል፣ ኖታ በኖታ ይመሳከር።