ዕውቀትን መለካት ጥንቃቄን መለካት ነውን?

ስለ ጤና ጥናት የምናደርግ ተማሪዎች የምናዘወትረው አንድ ዓይነት መጠይቅ አለ። ይኸውም የሠራተኛውን ዕውቀት፤ አመለካከትና ተግባር ለመለካት የሚዘጋጀው ነው። የኮሮና በሽታ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ መጠይቁ ወደ ጥርስ ሕክምና ሠራተኞችም ዘልቋል። እጅዎን መቼ ይታጠባሉ? ጭምብልዎን መቼ ይለውጣሉ? መሣሪያዎን በምን ያመክናሉ? እያለ ይጠይቃል። መልሱ ተደምሮ በመቶኛ ይወጣል፤ መደምደሚያውም ብዙውን ጊዜ «ሥልጠና ይሰጥ» የሚል ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው መጠይቁ የሠራተኛውን አእምሮ እንጂ የሚሠራበትን ክፍል የማይመረምር መሆኑን ነው።

የጥርስ ሕክምና ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሐኪሙ ፊቱን ወደ በሽተኛው አፍ አቅርቦ ይሠራል፤ በሽተኛውም አፉን ሊሸፍን አይችልም። በ1957 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀርቦ በዓለም የተስፋፋው በአየር ግፊት የሚሽከረከር መቦርቦሪያ ዛሬ በደቂቃ ከ300,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ጥርሱ እንዳይግል ውሃ ስለሚረጭበት ምራቅና ደም የተቀላቀለበት ደቃቅ ጠብታ በክፍሉ አየር ውስጥ ይበተናል። እንግዲህ የበሽተኛውን ሥቃይ ያሳጠረው መሣሪያ ራሱ አየሩን የሚበክል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት ሐምሌ 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ባወጣው ጊዜያዊ መመሪያ፤ በሽታው በኅብረተሰቡ ውስጥ በሚዛመትበት ጊዜ አስቸኳይ ያልሆነ የጥርስ ሕክምና እንዲዘገይ፤ ጠብታ የሚበትን ሥራ እንዲቀነስ፤ ሥራው ግድ ሲሆን ኤን-95 ወይም አቻው የሆነ ጭምብል እንዲደረግ፤ ክፍሉም በቂ አየር እንዲያገኝ መክሯል። ምክሩ መልካም ነው። ልብ ብለን ብንመለከተው ግን አብዛኛው በሠራተኛው ዕውቀት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። መስኮቱን የሚከፍተው ሠራተኛው ቢሆንም መስኮት እንዲኖር ያደረገው ሕንጻውን የሠራው ነው። ጭምብሉን የሚያደርገው ሠራተኛው ቢሆንም ገንዘቡን የሚያዘው ሌላ ነው።

ነገሩን ወደ አቃቂ ቃሊቲ አምጥተን እንየው። ይህ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ ከቀድሞው የምድር ባቡር ዘመን ጀምሮ የፋብሪካ ሠፈር ነው። የቀን ደመወዙን ጥሎ የሚመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ቀጠሮ ለመመላለስ ይቸገራል፤ ሕመሙ ሲጠናበት መጥቶ «ዛሬውኑ ገላግሉኝ» ይላል። ለምሳሌ ያህል ሁለት መቦርቦሪያ ያለው አንድ ክፍል እናስብ፤ ቁጥሩ የኛ ምሳሌ ነው እንጂ ከማንም ክፍል የተወሰደ አይደለም። አንዱ መሣሪያ ለሕክምና ውሎ፤ ታጥቦ፤ በእንፋሎት መክኖና ቀዝቅዞ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ይፈጃል እንበል። በ8 ሰዓት ሥራ 16 በሽተኛ ብቻ ይስተናገዳል። መቦርቦሪያ የሚያስፈልጋቸው 24 ቢመጡ 8ቱ ወይ ይመለሳሉ፤ ወይ ባልመከነ መሣሪያ ይታከማሉ። ሐኪሙ በመጠይቁ ከመቶ መቶ ቢያገኝ ሁለቱ መሣሪያ ሦስት አይሆኑለትም።

የውሃውም ነገር እንደዚሁ ነው። ለአዲስ አበባ ከሚቀርበው የመጠጥ ውሃ ከፍ ያለው ድርሻ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ይወጣል፤ ሆኖም በከተማይቱ ብዙ ሠፈሮች ቧንቧ የሚፈሰው በፈረቃ ነው። ቧንቧው በደረቀበት ቀን «እጅዎን መቼ ይታጠባሉ?» ብሎ መጠየቅ ከምርምር ይልቅ ፌዝ ይመስላል።

ከዚህም በላይ መጠይቁ ሐኪሙንና ነርሱን ይጠይቅና ደም የነካውን መሣሪያ የሚያጥበውን፤ ወለሉን የምትወለውለውን፤ መርፌ የተጣለበትን ሣጥን የሚያወጣውን ብዙ ጊዜ ይተዋል። የወረርሽኙ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን የዓለም የጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል፤ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ግን በመርፌ ጫፍ መተላለፉን አልተወም። ክትባቱ ለሐኪሙ ብቻ ተሰጥቶ የጽዳት ሠራተኛዋ ብትቀር የመጠይቁ ውጤት ይህን ጉድለት አያሳይም።

አባቶቻችን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተረፈ ትዝታ አቆይተውልናል። እስከ ዘመናችን ድረስ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ከየደጁ ተጠርጎ ይቃጠላል። ጢሱ በሽታ እንደማያባርር፤ ይልቁንም አየር እንደሚበክል እናውቃለን። ሆኖም ልማዱ አንድ ቁም ነገር ይዟል፤ መድኀኒቱን የፈለገው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን በሠፈሩ ሁሉ ደጅ ነው።

ዕውቀት አያስፈልግም ማለታችን ግን አይደለም። ውሃና ጓንት ሞልቶ ሳለ በአንድ ጓንት ሁለት በሽተኛ የሚነካ ሰው ቢኖር ሊማርና ሊቆጣጠሩት ይገባል። የሥራውን መንገድ የሚለውጥ ዕውቀትም አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በታንዛንያ የተጀመረው ጥርስን ያለ መቦርቦሪያ በእጅ መሣሪያ ብቻ አጽድቶ የመሙላት ዘዴ መብራት አይፈልግም፤ የሚበትነውም ጠብታ እጅግ ጥቂት ነው። ለማንኛውም ጥርስ ባይሆንም ለብዙው ይበቃል።

ስለዚህ ወደ አቃቂ ቃሊቲ መጠይቅ ይዞ የሚሄድ ባልደረባችን ከመጠየቁ በፊት እንዲቈጥር እናሳስባለን። መቦርቦሪያው ስንት ነው? ማምከኛው በወሩ ስንት ቀን ሠራ? ውሃ ስንት ቀን ጠፋ? መስኮቱ ይከፈታልን? የመርፌውን ሣጥን የሚያወጣው ማን ነው፤ ተከትቧልን? ይህ ሳይቈጠር ሠራተኛውን «ዕውቀት ይጐድለዋል» ብለን ብንጽፍበት የአስተዳዳሪውንና የበጀቱን ጥፋት በርሱ ላይ አሳለፍን ማለት ነው። እርሱም ሥልጠናውን ወስዶ፤ ምስክር ወረቀቱን ይዞ፤ ወደዚያው መስኮት አልባ ክፍል ይመለሳል።