ቁስልና የቀን መቁጠሪያ፦ በቀደምት የሚና ጨዋታዎች ውስጥ የማገገም ሕግ

ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን በሦስት ትንንሽ መጽሐፎች ሲያሳትሙ፣ ቁስለኛ ያለ ምትሃት እንዴት እንደሚድን የጻፉት ከጥቂት መስመር አይበልጥም። ሙሉ ዕረፍት የተደረገበት የመጀመሪያው ቀን ምንም አይመልስም፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ አንድ የሕይወት ነጥብ ይመለሳል። ስምንት ነጥብ ያጣ ተዋጊ ከሁለት ሳምንት በላይ ይተኛል ማለት ነው። ነገሩ ጊዜ እንደሚፈጅ ደራሲዎቹ ራሳቸው አልሸሸጉም። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ግን ስምንት ሰዓት ላረፈ ሰው የጎደለውን ነጥብ ሁሉ ይመልስለታል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) በሁለቱ መካከል ያለውን የአርባ ዓመት ርቀት ብዙዎች የሚያስረዱት በአንድ መንገድ ነው፤ የጥንቱ ለእውነታ የቀረበ፣ የዛሬው ተጫዋችን የሚያሞላቅቅ ነው ይላሉ። ይህ ማስረጃ የሌለው ክርክር ይመስለኛል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሕይወት ነጥብ የሚባል ቁጥር አለው። ጠላት ሲመታው ዳይስ ይጣልና የወጣው ያህል ይቀነስበታል፤ በመጀመሪያዎቹ ሕጎች ቁጥሩ ዜሮ ሲደርስ ይሞታል። እስከዚያ ድረስ ግን ምንም አይሆንም። አንድ ነጥብ ብቻ የቀረው ሰው ሙሉ ጤነኛ ከሆነው ጓደኛው እኩል ይሮጣል፣ እኩል ይሰይፋል። አያነክስም፣ እጁ አይዝልም። አርነሰን በኋላ እንደተናገረው ሐሳቡን የወሰደው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስለነበሩ ብረት ለበስ መርከቦች ካዘጋጀው የጦርነት ጨዋታ ነው። መርከብ እየተመታ ይንሳፈፋል፤ ሲበዛበት ይሰጥማል፤ ከተረፈ ወደብ ገብቶ ይጠገናል። ከእንዲህ ያለ ምንጭ የተቀዳ ቁጥር ሕክምናን ያስመስላል ብሎ መጠበቅ ከመነሻው ስሕተት ነው።

ጋይጋክስም ይህን ያውቅ ነበር። በ1979 ለጨዋታ መሪዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ላይ፣ የተዋጊው ነጥብ ልምድ ሲያካብት ከሚወጣው ደረጃው ጋር የሚያድገው ሥጋው ስለጠነከረ እንዳልሆነ ያብራራል። ነጥቡ ችሎታ፣ ዕድልና የአማልክት ሞገስ የተደባለቁበት ነው፤ ጀማሪውን ልቡ ላይ የሚወጋው ሰይፍ አንጋፋውን ጫር አድርጎት ያልፋል። ማብራሪያው ብልህ ነው፤ ሆኖም በዚያው መጽሐፍ ካለው የማገገም ሕግ ጋር ይጋጫል። ሕጉ ለአንድ የዕረፍት ቀን አንድ ነጥብ ይሰጣል። ስድስት ነጥብ ያለው ጀማሪ ወደ አንድ ቢወርድ፣ ሞት አፋፍ ላይ ደርሶ እያለ በአምስት ቀን ይነሣል። ከስድሳ ነጥብ ወደ አሥር የወረደ አንጋፋ፣ ደራሲው እንደሚለው አብዛኛው ጉዳቱ ጭረት ሆኖ ሳለ፣ በዚሁ ስሌት ሃምሳ ቀን ግድም ሊተኛ ነው። አራት ሳምንት ያለማቋረጥ ያረፈ ማንም ሰው ሙሉ በሙሉ ይድናል የሚለው ጣሪያ ችግሩን ያለዝበዋል እንጂ አይፈታውም። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም በአንድ ቀን ዕረፍት የደረጃውን ያህል ነጥብ እንዲመለስ በማድረግ ሒሳቡን አቃንቶታል። ሒሳቡን ሲያቃና ግን ሌላ ነገር ጣለ።

የጣለው ጊዜን ነው። የ1979ኙ መጽሐፍ የጨዋታው ዘመን በጥብቅ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ጨዋታ በሌለበት ወቅት አንድ የእውነት ቀን በምናቡ ዓለምም አንድ ቀን ሆኖ እንዲቆጠር ይመክራል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በየወሩ ቢያንስ በደረጃው ልክ መቶ መቶ የወርቅ ሳንቲም ለኑሮ ያወጣል። የአምስተኛ ደረጃ ተዋጊ አንድ ወር ከተኛ አምስት መቶ ሳንቲም ሄደ ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው፦ እሱ ተኝቶ ሳለ ሌሎች ጀብዱው ወደሚካሄድበት ዋሻ ይወርዳሉ፣ ሀብቱንም ያወጣሉ። በእነዚህ ጨዋታዎች ልምድ በአብዛኛው የሚገኘው ተገድሎ ከወደቀ ጭራቅ ሳይሆን ከወጣ ወርቅ በመሆኑ፣ የተኛው ሰው በደረጃም ወደ ኋላ ይቀራል። ተጫዋቹ ስለዚህ ሌላ ገጸ ባሕርይ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ጠረጴዛዎች አራት ቋሚ ጓደኛሞች የሚሰባሰቡባቸው አልነበሩም፤ ብዙ ሰው የሚወጣና የሚገባባቸው ነበሩ። እንዲህ ባለ ቦታ ቁስል ገጸ ባሕርይውን ከተራው ያወጣዋል፤ የሕጉም ሥራ ይኸው ነው።

ሕጉን ከውስጥ የሚያፈርሰው በጸሎት ምትሃት የሚያገኘው ገጸ ባሕርይ፣ ካህኑ ነው። በ1979ኙ ሥርዓት ካህን ከመጀመሪያ ደረጃው ጀምሮ የፈውስ ምትሃት አለው፤ ጥበቡ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ በቀን ተጨማሪ ያገኛል። አንዱ ምትሃት ከአንድ እስከ ስምንት፣ በአማካይ አራት ተኩል ነጥብ ይመልሳል። በቀን አንድ ነጥብ ከዚህ አጠገብ ምን ዋጋ አለው? ቡድኑ የሚያርፈው ቁስሉ እስኪጠግግ ሳይሆን ካህኑ ጸልዮ እስኪነሣ ነው፤ የተፈጥሮ ማገገም ካህን ለሌለው ቡድን ብቻ የተጻፈ ሕግ ሆኖ ይቀራል። ቶም ሞልድቬይ በ1981 ያዘጋጀው የጀማሪዎች እትም በዚህ ረገድ ይበልጣል። ካልተቋረጠ የአንድ ቀን ዕረፍት ከአንድ እስከ ሦስት ነጥብ ይመለሳል፤ ካህኑ ግን በመጀመሪያ ደረጃው አንድም ምትሃት የለውም፣ በሁለተኛው አንድ ብቻ ያገኛል። ገጸ ባሕርያት በቀላሉ በሚሞቱበት በዚያ መጀመሪያ ላይ ከቀናት በቀር ሐኪም የለም። ቁጥሩ ለጋስ ቢመስልም የሚሠራው ሕግ ይህኛው ነው። የ1989ኙ ሁለተኛ እትም ለተራ ዕረፍት አንድ፣ አልጋ ላይ ለዋለ ሦስት ነጥብ ብሎ ለየ፤ ካህኑን ግን አልነካውም።

ከ2006 ወዲህ የጥንቱን አጨዋወት ለመመለስ የታተሙ ሥራዎች፣ ከ«ኦስሪክ» እስከ 2019ኙ «ኦልድ ስኩል ኢሴንሻልስ»፣ የቀድሞዎቹን ሕጎች በታማኝነት ይከተላሉ። ታማኝነቱ ለቁጥሩ ብቻ ሲሆን ግን ችግር አለ። የጨዋታው መሪ «ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ድናችኋል» ብሎ ቢሻገር፣ የኑሮ ወጪ ካልተጠየቀ፣ ዋሻውን ማንም ካልቀደማቸው፣ ሁለት ሳምንቱ ከአንድ ሌሊት በምን ይለያል? በ2014ቱ እትም ረጅሙን ዕረፍት ወደ ሰባት ቀን የሚያራዝመው አማራጭ ሕግም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም። የቀን መዝገብ በማይያዝበት ጠረጴዛ የስምንት ሰዓቱ እንቅልፍ ከዝግታው ሕግ የበለጠ ሐቀኛ ነው፤ እዚያ የጥንቱን ሕግ መሰረዝ ይሻላል።