ስለ ባሕረኞች ስንብት፤ የካፒቴን ስሎከምን መጽሐፍ መመርመር

ስንብትን መጻፍ ለጸሐፊ ሁሉ ፈተና ነው። ሠርግን ወይም ጦርነትን የሚተርክ ሰው ነገሩ ራሱ ይረዳዋል፤ ስንብትን የሚተርክ ግን ቃል ቢያበዛ ኀዘኑ ይቀልበታል፥ ቃል ቢያሳንስ ነገሩ ያልተፈጸመ ይመስልበታል። ይልቁንም የባሕር ስንብት ከየብስ ስንብት ይከብዳል። በየብስ የሄደ ሰው ዱካውን ተከትሎ ይመለስ ይሆናል፤ መርከብ ግን ዱካ የለውም። በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 20 የኤፌሶን ሽማግሌዎች ቅዱስ ጳውሎስን እስከ መርከቡ ሲሸኙት ከሁሉ አብልጦ ያሳዘናቸው ፊቱን ዳግመኛ እንደማያዩ መስማታቸው ነበር። ሉቃስ ይህን ከተናገረ በኋላ ልቅሶውን አያራዝምም፤ ወዲያው መርከቡን ያስነሣል። የስንብት ጽሑፍ ሚዛን ይህ ይመስለናል።

በዚህ ሚዛን ልንመዝነው የወደድነው ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም ዓለምን ብቻውን በመርከብ ስለ መዞሩ የጻፈውን፥ በ1900 የታተመውን መጽሐፍ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ስሎከም በ1844 በካናዳ በኖቫ ስኮሺያ ተወለደ። 36 ጫማ ከ9 ኢንች ርዝመት ያላትን ስፕሬይ የምትባል አሮጌ መርከብ በገዛ እጁ አድሶ በ1895 በአፕሪል 24 ቀን ከቦስተን ተነሣ፤ ከ46,000 ማይል በላይ ተጕዞ በ1898 በጁን 27 ቀን ኒውፖርት ገባ። ብቻውን የሚሄድ ሰው ከማን ጋራ ይሰናበታል? የሚል ቢኖር፥ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ብቻውን ስለ ሄደ በየደሴቱ ያገኘው ሰው ሁሉ ለጥቂት ቀን ባልንጀራው ሆነ፤ ስለዚህም ስንብቱ በዛ።

ከስንብቶቹ ሁሉ የሚበልጠው የሳሞአው ነው። ስሎከም በ1896 በጁላይ ወር ወደ አፒያ ወደብ ገባ። የስኮትላንዱ ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ቫይሊማ በሚባለው ቤቱ በ1894 በዲሴምበር ወር ዐርፎ ነበር። ወይዘሮ ፋኒ ስቲቨንሰን እንግዳውን በክብር ተቀበሉት፤ ባላቸው ደጋግመው ያነቧቸው የነበሩትን የባሕር መንገድ መምሪያ መጻሕፍትም ሰጡት፤ ባላቸው አብልጠው ይወዱት ለነበረው ዓይነት ባሕረኛ መተላለፋቸው ደስ እንደሚያሰኛቸውም ጻፉበት። የሞተው ባሕር ወዳድ ሕያው የሆነውን ባሕረኛ በእርሳቸው እጅ ሸኘው ማለት ነው።

ስሎከም ከዚያ ወደብ በኦገስት 20 ቀን ሲነሣ ምን ጻፈ? ደሴቶቹ ከኋላው ሲርቁ ብቸኝነት እንደ ያዘው፥ ለዚህም መድኀኒት እንዲሆነው ሸራ ጨምሮ ወደ አውስትራልያ እንደ ገሠገሠ፥ ያችም አገር እንግዳ አገር እንዳልሆነችበት፥ ለብዙ ቀን ግን በሕልሙ ቫይሊማ ከመርከቡ ፊት ቆማ ትታየው እንደ ነበር ይናገራል። ይህን ሁሉ የሚለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው።

በቅኔ ጉባኤ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ሰሙን ከወርቁ ሳይለይ አያልፈውም። ሰሙ የመርከብ ሥራ ነው፤ ወርቁ ኀዘን ነው። አንደኛ፥ ሌላው ጸሐፊ እንባ በሚያፈስስበት ቦታ ይህ ሰው ሸራ ዘረጋ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል፤ ስሎከም ግን እንባውን አስቀርቶ አንጀቱን በእጁ ሥራ አሳየን። ሁለተኛ፥ ቫይሊማ በኋላው ቀርታ ሳለ ከፊቱ ታየችው፤ የተለዩት ወዳጅ ወደ ኋላ አይቀርም፥ ቀድሞ ሄዶ ይጠብቃል። ሦስተኛው ውስጠ ወይራ ነው። ስሎከም በ1871 ሚስቱን ቨርጂኒያን ያገባት በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ ነበር፤ በ1884 በቦነስ አይረስ በመርከቡ ላይ ሳለች ሞተችበት። በዚያ ዐረፍተ ነገር ስሟ አልተጠራም። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ግን አገሪቱ እንግዳ እንዳልሆነችበት የተናገረውን ቃል እንደ ዋዛ ሊያልፈው አይችልም። ጸሐፊው ይህን አስቦ ጻፈ ብለን አንምልም፤ ቃሉ ግን ምሥጢሩን ለመሸከም ይበቃል።

ሁለተኛው የስንብቱ መንገድ ቀልድ ነው። በ1898 በሜይ 14 ቀን፥ አሜሪካ ከስፔን ጋራ በተዋጋችበት ጊዜ፥ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ሰሜን ኦሬገን የምትባለውን ታላቅ የጦር መርከብ አገኘ። መርከቢቱ በባንዲራ ምልክት የጠላት መርከብ አይቶ እንደ ሆነ ጠየቀችው። አላየሁም ብሎ መለሰ፤ ቀጥሎም ለመረዳዳት አብረን እንሂድ የሚል ምልክት ሰቀለ። ትንሿ ጀልባ የብረቱን ተራራ ልጠብቅህ አለችው! ኦሬገንም ሰንደቅ ዓላማዋን ሦስት ጊዜ ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጥታው አለፈች። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ የተለያዩ ባሕረኞች ስንብት ይህን ያህል አምሮ የተጻፈበት ቦታ ጥቂት ነው።

በሮድሪግስ ደሴትም በ1897 የደረሰበት ያስቃል። የደሴቲቱ ቄስ ከጥቂት ቀን በፊት ስለ ሐሳዊ መሲሕ አስተምረው ነበርና፥ ሕዝቡ አንድ ሰው ብቻውን በጀልባ ሲገባ ባየ ጊዜ መጣ ብሎ ደነገጠ። አንዲት አሮጊት ቤቷን ዘግታ እርሱ በደሴቲቱ በቈየበት ስምንት ቀን ሁሉ አልወጣችም። ከእርሷ ጋራ እንኳን ስንብት፥ ሰላምታም አልነበረ።

እንግዲህ ነቀፌታችንን እንናገር። ስሎከም በየወደቡ ስለ ተደረገለት ግብዣና ስለ ሹማምንቱ ቸርነት ሲያመሰግን ምስጋናው ሁሉ አንድ መልክ ይይዛል፤ በሞሪሸስ የተጻፈው ከሌላው ወደብ ቢገባ ልዩነቱ አይታወቅም። ከዚህም የሚከፋው፥ ስንብት ሁለት ወገን ሳለው እርሱ የሚሄደውን ብቻ መናገሩ ነው። በባሕሩ ዳር የቆመው ሰው ምን እንዳሰበ አንሰማም።

የጐደለውን ለማየት ወደ ስቲቨንሰን እንመለስ። እርሱ በ1888 ካስኮ በምትባል መርከብ ሲጓዝ ምሰሶዋ በስብሶ በመገኘቱ በታሂቲ በታውቲራ ሁለት ወር ያህል ቈየ፤ ከአለቃው ከኦሪ ጋራም ስም ተለዋወጠ። በልደት በዓል ቀን ከተለያዩ በኋላ ኦሪ ደብዳቤ ላከለት፤ መርከቧ እስክትሰወር ድረስ በባሕሩ ዳር መከተሉን፥ ወደ ቤቱም ተመልሶ ማዘኑን ይነግረዋል። ስቲቨንሰን ታላላቅ ድርሰቶችን ከመጻፍ ይልቅ ይህን ደብዳቤ መቀበልን እንደሚመርጥ ተናገረ። አንዱ የደሴት ሰው በስሎከም መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ቢናገር ኖሮ መጽሐፉ ምንኛ በበለጠ!

ስሎከም በኋላ ዘመን በዚያችው በስፕሬይ ብቻውን ተነሥቶ ጠፋ፤ በ1924ም በሕግ እንደ ሞተ ተቈጠረ። ያንን ስንብት የጻፈልን የለም። መጽሐፉ ግን፥ ከላይ የተናገርነው ጕድለት ሳለበት፥ ለወጣት ጸሐፊዎቻችን ትምህርት አለበት። ስንብትን ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ልቡ እንደ ተሰበረ ከመናገሩ በፊት በዚያች ሰዓት እጁ ምን ይሠራ እንደ ነበር ይመርምር፤ የቀረው ወዳጁም ምን እንዳለ ጠይቆ ይጻፍ። እንዲህ ያደረገ እንደ ሆነ እንባውን አንባቢው ራሱ ይጨምርበታል።