ዘር ቆጠራና የሰው ታሪክ

በአገራችን የጽሑፍ ባህል ውስጥ የትውልድ ሐረግን ያህል ረጅም ዕድሜ ያለው፥ ያንኑም ያህል ከሂስ ዓይን ርቆ የኖረ የጽሑፍ ዓይነት መኖሩ ያጠራጥራል። ግጥሙ፥ ልብ ወለዱና ተውኔቱ በየጊዜው ተመዝኗል፤ ተነቅፏል፤ ተወድሷል። «እገሌ እገሌን ወለደ» እያለ የሚወርደው ጽሑፍ ግን የቤተ ዘመድ ጉዳይ ተደርጎ ስለሚታይ ሐያሲ እጁን አላሳረፈበትም። ዛሬ ደግሞ የአያት የቅድመ አያትን ሕይወት የሚተርኩ የቤተሰብ መጻሕፍት እየታተሙ ነው። ልጆች የአረጋውያንን ቃል ይቀዳሉ፤ የድሮ ደብዳቤና የግብር ደረሰኝ ከሣጥን ይወጣል፤ ባሕር ማዶ የሚኖረውም ወገን የአባቶቹን ቀዬ እየጠየቀ ይጽፋል። እነዚህ ሥራዎች ለደራሲውና ለተውኔት ጸሐፊው ጥሬ ሀብት፥ ለመምህሩም የትምህርት ምንጭ መሆናቸው ስለማይቀር፥ ምን ዓይነት ጽሑፎች እንደ ሆኑ አጥብቆ መጠየቅ ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

ለምርመራችን ውጫሌንና አካባቢዋን መነሻ አድርገናል። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚያው አገር የሚገኙ ሦስት ሥፍራዎች፥ ማለትም ግሸን፥ ሐይቅ እስጢፋኖስና ይስማ ንጉሥ፥ ስለ ትውልድና ስለ ሰነድ ሦስት የተለያዩ ትምህርቶች ይሰጡናል።

የመጀመሪያው ትምህርት ከግሸን አምባ ይገኛል። እስከ 16ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ የነጋሢው ወንድ ዘመዶች በዚህ አምባ ላይ ይጋዙ ነበር። የሚጋዙትም በሠሩት በደል ሳይሆን በዘር ሐረጋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን የመሳፍንት ግዞት በመጽሐፉ ተርኮታል። እንግዲህ የአንድ ሰው ትውልድ በጥንቃቄ የሚቆጠረው ሰውየው ስለሚከበር ብቻ አይደለም። ነገ ተነሥቶ «ዙፋኑ ለእኔ ይገባል» ይል ይሆናል ተብሎ ስለሚፈራም ይቆጠራል። ዘር ቆጠራ ከጥንቱም የሥልጣን መሣሪያ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ከሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። በ13ኛው ምዕተ ዓመት የገዳሙ አበምኔት የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስጻፉት ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ግድም የተጻፈ ሲሆን፥ የተጻፉበት ዘመን ከሚታወቅ ቀደምት የብራና መጻሕፍቶቻችን አንዱ ነው። አባቶች ለመጽሐፉ ቅድስና በመተማመን የገዳሙን ርስትና ንብረት፥ የሹማምንቱንም ነገር የሚመለከቱ ማስታወሻዎችን በባዶ ገጾቹ ላይ አስፍረዋል። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት የሐይቅን አበምኔቶች ተራ እ.ኤ.አ. ከ1248 እስከ 1535 ድረስ ተከታትለው በ1962 ዓ.ም. ጥናታቸውን ያሳተሙት እንዲህ ያሉትን ምንጮች መርምረው ነው። በወንጌል ገጽ ላይ የሰፈረ የመሬት ማስታወሻ ሊፍቁት የሚያስፈራ ውል ነበርና፥ ከሌላው ሰነድ ይልቅ ዘመን ተሻግሯል።

ነገር ግን ያ ማስታወሻ ማንን ይጠራል? ሰጪውን ንጉሥ፥ ተቀባዩን ገዳም፥ ምስክር የሆኑትን ሹማምንት ይጠራል። መሬቱን እያረሰ ገዳሙን የመገበው ገበሬ ግን ከስንት አንዴ ካልሆነ በስሙ አይነሣም። ሴቲቱማ ከነጭራሹ የለችም። ገዳሙ ሴት የማይገባበት በመሆኑ፥ የአያቷን ስም ፍለጋ ከውጫሌ የተነሣች ሴት መዝገቡ ካለበት ደጅ አትደርስም። የቀረጻ ሥራ ትርጉሙ የሚገባን እዚህ ላይ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ቀረጻ፥ የሐይቁን ወንጌል ጨምሮ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ቅጂ ከገዳም ቅጥር ውጭ ለሚያነብ ሁሉ አቅርቧል።

ሦስተኛው ትምህርት ከይስማ ንጉሥ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣሊያው ተወካይ በኮንት አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው የውጫሌ ውል የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቅጂ በአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ መለያየታቸው ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲናገር፥ ኢጣሊያ የራሷን ቅጂ እንደ ግዴታ ተርጉማ ሞግዚትነት አወጀችበት። ፍርዱ የተሰጠው በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ነው። ማኅተም ያረፈበት፥ በአንድ ቀን የተፈረመ የሁለት መንግሥታት ሰነድ እንዲህ ሁለት ልሳን ካለው፥ በአንድ ባለ ርስት ቤት የተጻፈ የትውልድ ሐረግ ምን ያህል ልሳን ይኖረው ይሆን? በዚያው ላይ ውሉ የተፈረመው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን ውስጥ ነበር። ከብቱ በበሽታ ባለቀበት፥ ሰው በረኀብ በረገፈበት ዘመን የተጻፈው ይህ ውል፥ በሁለቱም ቋንቋ ስለ አምባሰል ገበሬ አንድም ቃል የለውም።

ከእነዚህ ሦስት ትምህርቶች የምንደርስበት ድምዳሜ አንድ ነው፤ የትውልድ ሐረግ በመሠረቱ የሙግት ጽሑፍ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በነበረው የርስት ሥርዓት አንድ ሰው መሬት የሚጠይቀው ከአቅኚው አባት መወለዱን በመቁጠር ነበር። አላን ሆበን የተባለው ተመራማሪ በጎጃም ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፥ ቆጠራው በአባትም በእናትም በኩል ይካሄድ ስለ ነበር፥ አንድ ገበሬ በብዙ አቅጣጫ ተወላጅ ነኝ ለማለት ይችል ነበር። የትኛውን መስመር እንደሚቆጥር የሚወስነው የሚፈልገው መሬት ነበር። አዋቂ የሚባለውም ሰው የሚረዳውን አያት አንሥቶ የማይረዳውን በዝምታ የሚያልፍ ነበር።

ዙፋኑም ቢሆን በዚሁ ሕግ ያድር ነበር። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ንጉሣዊው ዘር ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ የሚወርድ መሆኑን በአንቀጽ አስፍሮት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ሁለቱም ዓይነት ሐረጎች በአንድ ዓመት ወደቁ። መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ የካቲት 25 ቀን ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሙግት ሻረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቅድመ አያትን መቁጠር መሬት አያስገኝም፤ ዙፋንም አያወርስም። ዘር ቆጠራ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ወደ ሥነ ጽሑፍ ለመግባት ነጻ የሆነው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ነጻነቱን ተጠቅሞበታል ወይ? መልሳችን በአመዛኙ አልተጠቀመበትም የሚል ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» ሲሉ ባሳተሙት መጽሐፍ በዘመናቸው ስማቸው የታወቁ ሰዎችን ሕይወት አሰባስበው ለኋላ ልጆች አስተላልፈዋል፤ ውለታቸው ከፍ ያለ ነው። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባወጡት «ዝክረ ነገር» የመሬቱን ስሪት፥ የግብሩንና የሹመቱን ሥርዓት መዝግበው ባያቆዩልን ኖሮ፥ ዛሬ በአንድ ያረጀ ደረሰኝ ላይ የሰፈረውን የግብር ስም እንኳ ለመረዳት በተቸገርን ነበር። እነዚህ ሊቃውንት የዘመናቸውን ሥራ ሠርተዋል። ወቀሳው ከእነርሱ በኋላ የመጣነውን ይመለከታል። የቤተሰብ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ዛሬም በሹመት ይጀምራሉ፤ በሹመት ይጨርሳሉ። ቅድመ አያትየው «ደግ፥ ጀግና፥ እንግዳ ተቀባይ፥ ፍርድ አዋቂ» ይሆናሉ። የፈሩት፥ የተሳሳቱት፥ የከሰሩት፥ በሌላው ሰው ላይ ያደረሱት ነገር አይነገርም። መሬቱ ከተወረሰ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ጸሐፊው አሁንም ዳኛ ፊት የቆመ ይመስላል።

የዚህ አጻጻፍ ጉድለት በተለይ በሦስት ቦታ ይታያል። አንደኛው እናት ነው። ርስቱ በእናት በኩልም ይቆጠር እንደ ነበር አይተናል። ወደ ወረቀት ሲወርድ ግን የአባቶች ስም ብቻ ተሰልፎ ይታያል። ሁለተኛው የቤቱ ሠራተኛ ነው። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. መሆኑን እያወቅን፥ ከዚያ በፊት በኖረ ባለጸጋ ቤት ማን ወፍጮ እንደ ፈጨ፥ ማን ውሃ እንደ ቀዳ፥ ማን ልጆቹን እንዳሳደገ የሚናገር የቤተሰብ መጽሐፍ ማግኘት ብርቅ ነው። ሸማኔው፥ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋም እንዲሁ ከቤቱ ታሪክ ወጥተው ቀርተዋል።

ሦስተኛው ሃይማኖት ነው፤ በዚህ ረገድ ወሎ ታላቅ ትምህርት ቤት ናት። የእቴጌ መነንን ሐረግ እንመልከት። በ1883 ዓ.ም. ሲወለዱ አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፥ እናታቸው ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን ነበሩ። ንጉሥ ሚካኤል ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር፤ ከወረ ሂመኖ ኢማሞች ቤት የተወለዱ ናቸው። የፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ነው። መሐመድ አሊ፥ ሚካኤል፥ አባ ሻንቆ፤ ሦስት ስም የአንድ ሰው መሆኑን ያላወቀ መርማሪ ሦስት ሰው ይቆጥራል። አውቆ አንዱን የሚሰርዝ ጸሐፊ ደግሞ ከአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እጅግ ከባድ የሆነውን ቀን ይሰርዛል። አንድ ሰው በቃልም ሆነ በግዴታ ሃይማኖቱን በለወጠበት ሌሊት ምን አሰበ? እናቱን ምን ብሎ ነገራት? ተውኔት የሚወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ የሐረግ ጸሐፊው ግን ስሙን አስተካክሎ ያልፋል።

በዚያው አገር ከደም የተለየ ሌላ የትውልድ አቆጣጠር መኖሩም ሊዘነጋ አይገባም። የጀማ ንጉሥና የየጁው ዳና ሸኾች ዕውቀታቸውን ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በሚወርድ ሰንሰለት ይቆጥራሉ። የሐይቅ መነኮሳትም እንዲሁ በቆብ ይዛመዳሉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የአባ ኢየሱስ ሞዓ ልጅ የሚባሉት በምንኩስና ነው። መስጊዱና ገዳሙ ጎን ለጎን በሚኖሩበት ምድር ሁለቱም ሰው ከወለደው ብቻ ሳይሆን ካስተማረውም እንደሚወርድ ተስማምተዋል። ለመምህራን አንባቢዎቻችን ይህ የሚያኮራ ሐረግ ነው።

ድርሰት የመዝገቡን ጉድለት እንዴት ሊያክም እንደሚችል ከራሳችን ሥነ ጽሑፍ ምሳሌ እናንሣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጠላቶቻቸው አንደበት «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይባሉ እንደ ነበር ይነገራል። ከነገሡ በኋላ ደግሞ ከሰሎሞን ዘር የሚያያይዝ ሐረግ ተቆጠረላቸው። አንዱ መዝገብ ስድብ ነው፤ ሌላው ውዳሴ ነው፤ እናትየው ወይዘሮ አትጠገብ ግን በሁለቱም ውስጥ የሉም። አቤ ጉበኛ በ1961 ዓ.ም. ላሳተመው ታሪካዊ ልብ ወለድ «አንድ ለናቱ» የሚል ስም ሲያወጣ፥ ንጉሡን ገና ከሽፋኑ በእናታቸው በኩል እንድናውቃቸው ጋብዞናል። ለስድቡ በሌላ ሐረግ መልስ ከመስጠት ይልቅ የተሰደበችውን ሴት ወደ ፊት ማምጣት፥ ይህ የደራሲ ምርጫ ነው።

እንግዲህ የቅድመ አያቱን ሕይወት የሚከታተል ጸሐፊ ሊከተላቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። እያንዳንዱን ወረቀት ማን፥ ለማን፥ ምን ለማስገኘት እንደ ጻፈው ይጠይቅ። የአባትን ስም ባነሣ ቁጥር የእናትን ስም ይፈልግ፤ ካላገኘውም «አልተመዘገበም» ብሎ ይጻፍ እንጂ ባዶውን በውዳሴ አይሙላው። ከአንድ ሽማግሌ የሰማውን ከጎረቤቱ ቤት፥ ከወንዱ የሰማውን ከሴቷ ያመሳክር። የልደትና የሞት መዝገብ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታስቦ፥ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ፥ በመላ አገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት በውጫሌ ገጠር ለተወለደ ሰው ዋናው መዝገብ የሰው ትዝታ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኀብ ያለቀው ቤተሰብ፥ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወደ ወለጋ፥ ወደ ኢሉባቦርና ወደ መተከል በሠፈራ የተበተነው የወሎ ሕዝብ፥ ሐረጉ የተቆረጠበትን ቦታ የሚያውቀው በቃል ነው። ያ ትውልድ በሕይወት ሳለ መጠየቅ አለበት።

ጉዳዩ የጥበብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መሬትን በዘር መጠየቅ በአዋጅ ከተሻረ በኋላም፥ ትውልድ ቆጠራ አንዱን ባለ አገር ሌላውን መጤ ለማድረግ እንደ ገና ሲጠራ እየሰማን ነው። ለዚህ የወሎ ሐረግ ሳይሸራረፍ መነገሩ በቂ መልስ ይሆናል። በዘመነ መሳፍንት በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ያስተዳደሩት የየጁ ራሶች ከኦሮሞ ቤት የወጡ ነበሩ፤ የኢማም የልጅ ልጅ የክርስቲያን ንጉሥ ልጅ ሆናለች፤ ልጇም እቴጌ ተብላለች። በአምባሰል ማንኛውም ቤት ወደ ላይ በሐቅ ቢቆጠር፥ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ወይም በሌላ ጸሎት ቤት የሚሰግድ አያት ማግኘቱ የሚያስደንቅ አይሆንም። እርሱን አያት የሚሰርዝ የቤተሰብ መጽሐፍ ለዛሬው ጠብ ማስረጃ ያቀብላል። እርሱን ፈልጎ የሚጽፍ ደራሲና በመድረክ ላይ የሚያቆም ተዋናይ ግን፥ ከወሎ አልፎ ለአገር የሚተርፍ ሥራ ይሠራሉ።