«ቋጠሮ» ወይስ «ቋር»?

በተማሪ ግጥሞች ላይ የምናየውን አንድ ልማድ አንስተን እንነጋገር። ገጣሚዎቻችን ስለ ዛፍ ሲጽፉ ከግንዱ ላይ ያበጠውን፣ የጠጠረውን ሁሉ «ቋጠሮ» ይሉታል፤ ወዲያውም «ይፈታል» ብለው ግጥሙን ይዘጋሉ። ያምራል። ግን እውነት ነው ወይ?

«ቋጠሮ» የመጣው «ቋጠረ» ከሚለው ግስ ነው፤ የግእዝ ዘመዱ «ቈጸረ» ነው። የግእዙ «ጸ» በአማርኛ «ጠ» ሲሆን በ«ጸብሐ»ና በ«ጠባ»ም እናየዋለን። ሥር መከተል የሚወድ አንባቢ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የ1948 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ይግለጥ። እንግዲህ ቋጠሮ ቋጣሪ አለው፤ እጅ ያሰረውን እጅ ይፈታዋል።

ዛፉንስ ማን ቋጠረው? ማንም። ግንዱ በየዓመቱ እየወፈረ የቅርንጫፉን ሥር ይውጠዋል፤ የተዋጠው ሲጠጥር «ቋር» ይባላል። ከላይ ጎልቶ የቀረው «ጉጥ» ነው፤ ዛፉ ተቆርጦ መሬት ላይ የቀረው «ጉቶ»፤ የሸንበቆና የአገዳ መጋጠሚያ ደግሞ «አንጓ»። ታዲያ ይህን ሁሉ ባንድ ከረጢት ምን አስቋጠረው?

ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራራ የወጣ ሰው አስታን ያውቃል። አስታ ከሥሩ ላይ ጠንካራ እብጠት ያወጣል፤ እሳት ቢያቃጥለው እንደገና የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው። ይኸው ተክል በሜዲትራንያን ዳርቻም ይበቅላል፤ ፈረንሳዮች «ብሩየር» ይሉታል። በሴን ክሎድ ከተማ ከ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የትንባሆ ፒፓ ሲጠርቡበት የኖሩት ይህንኑ እብጠት ነው፤ እሳት ይችላላ! ማንም አልፈታውም፤ ጠረቡት እንጂ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ግጥሞቹ በዛፍ አሳበው የሚናገሩት ስለ ሰው ነው፤ ሄዶ ስለ ቀረ ወንድም፣ ስለ ሞት። «ቂም ቋጠረ» ስንል ልክ ነን፤ ባለቤቱ ቋጥሮታል፣ ከወደደ ይፈታዋል። ሐዘንን ግን ማን ይቋጥረዋል? ልጇን ለቀበረች እናት «ቋጠሮ» ብሎ የጻፈ ገጣሚ «ይፈታልሻል» ብሎ ቃል ገባላት ማለት ነው። ከየት አምጥቶ ይፈጽመዋል? «ቋር» ያላት ግን ዛፉ ስብራቱን ውጦ እየወፈረ እንደሚኖር ይነግራታል። ይህ ይከብዳል፤ ሆኖም አይዋሽም።

በእኛ አስተያየት ገጣሚው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ ያሰረው እጅ አለ? ካለ «ቋጠሮ» ይበል። ከሌለ «ቋር» ብሎ ይተወው፤ መፍቻም አይፈልግለት።