«አብሮ መለያየት» ሕግ ነውን?

ስለ ኸርፐስ ቫይረሶች ሲጻፍ፣ የእንስሳው ዘር ሲከፈል ቫይረሱም አብሮት ይከፈላል የሚለው ሐሳብ እንደ ሕግ ይጠቀሳል። ሐሳቡ ለብዙዎቹ የዝንጀሮና የጦጣ ቫይረሶች ይስማማል፤ ሕግ ነው ማለት ግን ያሳስታል።

ለዚህም ሰው ራሱ ምስክር ነው። ሰው ሁለት የኸርፐስ ሲምፕሌክስ ቫይረሶች አሉት፤ አንደኛው በከንፈር ላይ ወጥቶ ምች የምንለውን፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የአባለ ዘርን ቁስል ያመጣል። ዌርትሃይምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ አንደኛው ከ6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከቺምፓንዚው ቫይረስ መስመር ተለየ፤ ሁለተኛው ግን ከ1.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከቺምፓንዚ ቅድመ አያቶች ወደ ሰው ቅድመ አያቶች ተሻገረ ብለዋል። እንግዲህ ሁለተኛው እንግዳ ነው እንጂ የቤት ልጅ አይደለም።

የጥናቱ ብርታት፣ የተለመደው ስሌት የጥንቱን ዘመን እንደሚያሳጥር ማሳየቱ ነው። ይሁን እንጂ የቫይረስን ዕድሜ በእንስሳቱ መለያየት ዘመን ለክቶ፣ ያንኑ ልክ መልሶ ለአብሮ መለያየት ማስረጃ ማድረግ በክብ መዞር ስለሚሆን፣ አንባቢ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። በማካክ ጦጣ ላይ ቀላል የሆነው ቢ ቫይረስ ወደ ሰው ሲሻገር፣ ካልታከመ አብዛኛውን በሽተኛ ይገድላል። ስለዚህ «ከማን ጋር ኖረ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ከማን ወደ ማን ተሻገረ?» የሚለውም ሁልጊዜ ይጠየቅ።