ጥላው ወዴት ይውደቅ?

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ የደቡብ ጎንደር ከተሞች ከግቢ ጥግ የሥራ ክፍል አይጠፋም። አናጺው አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠራበት፣ በያጁ በርና መስኮት የሚገጣጥምበት፣ አለዚያም የቤቱ ባለቤት ከመሥሪያ ቤት መልስ የተሰበረ የሚጠግንበት ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው ጭቃ ወይም ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መብራቱ መሀል ላይ የተንጠለጠለ አንድ አምፖል። ሥራው አላምር ሲል ቶሎ የሚታሰበው መፍትሔ የአምፖሉን ሻማ ከፍ ማድረግ ነው፤ 60 የነበረው 100 ይሆናል። እኔ ግን ገንዘቡ ያለ ቦታው እየወጣ ነው ባይ ነኝ። የሥራ ክፍል ብርሃን ሲታቀድ ቀድሞ የሚጠየቀው ከየት ይምጣ የሚለው ነው፤ ምን ያህል ይሁን የሚለው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሥራውን ጠጋ ብሎ ላየ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠረጴዛው እንደተለመደው ከግድግዳ ተጠግቷል፤ ሠራተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል፤ አምፖሉ ከኋላው ነው። ሞርሳ ላይ በታሰረው የዋንዛ ሳንቃ ላይ በስኳድራ ያሰመረው የእርሳስ መስመር የራሱ የትከሻና የጭንቅላት ጥላ ውስጥ ይወድቃል። አምፖሉ ሲጠነክር የዓይኑ ብሌን ለደማቁ ግድግዳ ይጠባል፤ ጥላ ውስጥ ያለው መስመርም ከቀድሞው ይብስ ይደበዝዛል። ለማየት ሲያጎነብስ ጥላውም አብሮት ያጎነብሳል። መጋዙን በቀኝ እጁ ለያዘ ሰው ብርሃኑ ከፊትና ከግራ ቢመጣለት የእጁ ጥላ ከመስመሩ ወዲያ ይወድቅ ነበር። መላጊያ የተወውን ጉብታ ለማየት ደግሞ ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ሳንቃውን እየዳሰሰ ማለፍ አለበት። ቀጥ ብሎ ከላይ የወረደ ብርሃን ጉብታውንም ጎድጓዳውንም እኩል ስለሚያበራው ሁሉን ለስላሳ ያስመስላል፤ ጉድለቱ የሚጋለጠው ቫርኒሽ ተቀብቶ ደንበኛው ሳሎን መስኮት ዳር ሲቆም ነው።

መነሻው እንግዲህ ፀሐይ ናት። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ቦታ ተቀምጣለች። የቀኑ ርዝመት በታኅሣሥ ከ11 ሰዓት ተኩል እምብዛም አያንስም፤ በሰኔም 13 ሰዓት አይሞላም። በታኅሣሥ የቀን ብርሃኑ 8 ሰዓት እንኳ ለማይሞላለት የለንደን ሠራተኛ አምፖል ዋናው ነገር ነው፤ ለእኛ ማሟያ ነው። የአውሮፓ መጻሕፍት የሥራ ክፍል መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን ይላሉ፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ምንጊዜም በደቡብ ስለሆነች ሰሜኑ የማይለዋወጥ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። በእኛ ደጋ ግን ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በቡሄ ሰሞን ልክ አናት ላይ ትደርስና ወደ ደቡብ ትመለሳለች። ይህ ምክሩን አያፈርሰውም። በሰኔ እንኳ በእኩለ ቀን ወደ ሰሜን የምትርቀው 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሜትር የወጣ የጣራ ክፈፍ በዚያ ሰዓት የሰሜኑን መስኮት ሙሉ በሙሉ ያጠላዋል። ያው ክፈፍ በደቡብ በኩል በታኅሣሥ ቀትር የሚያጠላው ከግድግዳው 70 ሳንቲሜትር ያህሉን ብቻ ነው። ክፉዎቹ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው፤ ጠዋትና ማታ ዝቅ ያለችውን ፀሐይ በቀጥታ ዓይን ላይ ይለቃሉ።

ክረምቱስ የሚል ይኖራል። ደመና የሸፈነው ሰማይ ብርሃኑን ከየአቅጣጫው ይልካል፤ አናት ላይ ያለው ሰማይ ደግሞ ከአድማሱ ሦስት እጥፍ ያህል ይደምቃል። ጉና ተራራ ዙሪያ ለሚከርመው ደመና እንግዲህ ከጣራው አንድ ቆርቆሮ አንስቶ ብርሃን የሚያስገባ የፕላስቲክ ቆርቆሮ መግጠም ከትልቅ መስኮት ይበልጣል። በረዶ ይሰብረዋል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ ፀሐይ ያደረቀው ፕላስቲክ በረዶ አይችልም። ወፈር ያለውን መግዛትና ሳይሰባበር በፊት መቀየር የወጪው አካል ነው። ለሌባ የብረት ፍርግርግ አለ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ የሚቆምበት ክፍል ከሚያደርሰው ኪሳራ አንጻር ይህ ሁሉ ውድ አይደለም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ግን እዚህ ቶሎ ይጨልማል፤ አምፖልም ግድ ነው። ለተራ የጠረጴዛ ሥራ 300፣ ማሽን ላይ ለሚሠራ 500 ሉክስ ያህል ይመከራል። ባለ 12 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል ወደ 1,000 ሉመን ይሰጣል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል በሙሉ 300 ሉክስ እንዲያገኝ 6,000 ሉመን ጠረጴዛው ከፍታ ላይ መድረስ አለበት፤ የጠቆረ ግድግዳና ጣራ ግማሹን ቢውጥ 12 አምፖል ያስፈልጋል ማለት ነው። ግድግዳውን ኖራ መቀባትና አንዱን አምፖል ወደ ሥራው ማቅረብ ይሻላል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ከአምፖሉ የሚደርሰው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ስለሆነ፣ አዛውንቱ ባለሙያ ጨለመብኝ ሲሉ ወጣቱ ረዳት ሊያምናቸው ይገባል።

የሚሽከረከር ማሽን ያለበት ክፍል አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ አሮጌ ባላስት ያለው ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤል ኢ ዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞርና አራት እኩል ጎን ያለው የማሽን ክፍል በእንዲህ ያለ መብራት ሥር የቆመ ሊመስል ይችላል፤ እጅ የሚቆረጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። አምፖሉን በስልክ ካሜራ ሲያዩት ጥቁር መስመሮች ከተንቀሳቀሱበት ከማሽኑ በላይ አይሰቀል።

ከባዱ ተቃውሞ ከብረት ቀጥቃጩ ይመጣል። ይህ አካባቢ በ1850ዎቹ ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ባለሙያዎች ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን የሴባስቶፖል መድፍ የሠሩባት የጋፋት አገር ነውና ቃሉ ቀላል አይደለም። የጋለ ብረት ከድፍን ቀይ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ሲያልፍ ሙቀቱ የሚነበበው በቀለሙ ነው፤ ደማቅ ብርሃን ውስጥ ግን ቀለሙ ይሸሻል፣ ብረቱም ሳይታወቅ ይቃጠላል። ቀጥቃጩ ጨለማ ቢፈልግ ልክ ነው። የሚፈልገው ግን ለምድጃው እንጂ ለሚለካበት ጠረጴዛ አይደለም። ምድጃው ከመስኮቱ ራቅ ባለው ጥግ ይሁን፤ ከላዩ የፕላስቲክ ቆርቆሮ አይኑር፤ የዚያ ጥግ አምፖል ለብቻው ማብሪያ ማጥፊያ ይኑረው።

ቤቱ የኪራይ ነው፣ ግድግዳ መብሳት አይቻልም ለሚልም የሚቀረው ብዙ ነው። አከራዩ ኖራ መቀባትን እምብዛም አይከለክልም። ጠረጴዛውን ከግድግዳው አላቅቆ ሠራተኛው የተከፈተውን በር በግራው እንዲያደርግ ማዞር ገንዘብ አይጠይቅም። ለማታው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የሚታሰር ተጣጣፊ ክንድ ያለው መብራት ይበቃል፤ ገመዱ ግን መጋዝና ግራይንደር በሚያልፍበት ወለል ላይ ሳይሆን ከላይ በወራጁ በኩል ይምጣ።